በቆርቆሮ የተደፈነው መስኮት

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ዛሬ ተረጋገጠ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ውጤቱን ስትሰጠኝ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠራች። ጊዮርጊስ በር ላይ ቆሜ ደጁን ሳምኩ። ከዚያ ሥራ ቦታ እስክደርስ በየት በኩል እንደሄድኩ አላውቅም። ካገባን ስድስት ዓመታችን ነው። ሰው እንኳ "ምነው ዝም አላችሁ?" ማለቱን ትቶታል።

ሚናስ ጋ ደወልኩ። ሲያነሳው ተማሪዎቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል። ነገርኩት።

"ሚናስ፣ አለህ?"

"ክፍል ውስጥ ነኝ ዳናዬ፤ ማልቀስ አልችልም" አለኝ።

ገና ሦስተኛ ወሬን መያዜ ነው፤ ትንሽ እስኪጠና ለማንም አልናገርም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

የምርቃት ሰሞን ገባ። ተመራቂ፣ የተመራቂ እህት፣ የተመራቂ እናት፤ ሁሉም ፀጉሩ እንደ ሐር እንዲወርድለት ይፈልጋል። አሠሪዬ እትዬ ትብለጽ "በዚህ ሰሞን ያልሠራ ፀጉር ቤት ክረምቱን ጾሙን ያድራል" ትላለች፤ እውነቷን ነው። ኬራቲን የሚሉት ማለስለሻ ተቀብቶ በጋለ ፔስትራ ሲተኮስ ነጭ ጭስ ይለቃል። ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ዝናብ ስለሆነ በሩ ይዘጋል። የፊቱ ግድግዳ፣ መንገዱ እንደ አዲስ ሲሠራ ሙሉ መስታወት ሆኗል፤ ያምራል፣ ግን አይከፈትም። የኋላውን መስኮት ደግሞ አምና ሌባ በዚያ ገብቶ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹንና ፎኖቹን ጠራርጎ ስለወሰደ፣ እትዬ በቆርቆሮ አስደፍና በሚስማር አስመትታዋለች። ሰው ከተሰረቀ በኋላ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ዛሬ አንዲት ደንበኛ ገብታ ሁላችንም ዓይናችንን ስንጠርግ አየችና "ውይ! ምን ሆናችሁ?" አለች።

አብራኝ የምትሠራው ምኞት ፔስትራዋን ሳታወርድ "ምንም፣ የለቅሶ ልምምድ ላይ ነን፤ ተቀላቀይ" አለቻት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይቺ ልጅ ባትኖር ይሄ ሥራ እንዴት ይገፋ ነበር?

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ቁጭ አላልኩም። ምሳ የለም። ሦስቴ አስመለሰኝ፤ "ጨጓራዬ ነው" አልኩ። ራስ ምታት። ውጪ ወጥቼ ስተነፍስ ይሻለኛል፣ ስገባ ይመለሳል። የእርግዝና ነው።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ሲስተር ሕብረት መጣች። ነርስ ናት፤ ወሩ ሲገባ ፀጉሯን የምታሠራው እኔ ጋ ነው። ገና ከመግባቷ አፍንጫዋን ያዘች።

"ዳናይት፣ ይሄ ሽታ ምንድነው?"

"ኬራቲን ነው።"

"ይሄን ሽታ እኛ የምናውቀው ሬሳ ክፍል ነው። ፎርማሊን ነው።"

እትዬ ትብለጽ ከባንኮኒው ኋላ "ዕቃው ላይ 'የለበትም' ይላል እኮ" አለች።

"ዕቃው ላይማ ብዙ ይጻፋል እትዬ። ሲሞቅ ነው የሚወጣው። ልጆቹ ማስክ ያድርጉ፣ ጓንት ያድርጉ። ከሁሉም በላይ ያ መስኮት ይከፈት። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ እዚህ ውስጥ ባትውል ይሻላል።"

እኔን አላየችኝም። ወይም አይታኛለች።

ከወጣች በኋላ እትዬ "ሰው ፀጉሩን ሊሠራ ይመጣል ወይስ ደንበኛ ሊያሸብር?" ብላ ተናደደች። እኔም "ነርሶች ሁሉም ነገር በሽታ ይመስላቸዋል" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ምኞት ብቻ አልሳቀችም፤ መስኮቱን ታያለች።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ከሚናስ ጋር ተጣላን። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሕብረት ያለችውን ነገርኩት። ባልነግረው ይሻል ነበር።

"ነገ አትሄጂም" አለ።

"በምርቃት ሰሞን እትዬን ጥያት ልውጣ?"

"አዎ። ጥለሻት ውጪ።"

እሱ አያውቅም። ያውቃል፣ ግን እንደኔ አያውቅም። እናቴ የሞተች ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዘመድ የተባለው ሁሉ ከሰልስት በኋላ ወደየቤቱ ሲሄድ፣ ጎረቤት ብቻ የነበረችው ትብለጽ ጥቁር ለብሳ አርባው እስኪወጣ ከጎኔ ተኛች። ማበጠሪያ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሚናስን ራሱ ያየሁት ለእህቱ ሠርግ ፀጉር ሊያሠራት ይዟት የመጣ ቀን እዚያው ቤት ነው።

"እሷን እንዳታስቀይሚ ብለሽ ነው። እኛስ?" አለኝ።

እኛ አለ። ሁለት ይሁን ሦስት አልጠየቅኩትም።

ተቃቅፈን ተኛን። ነገሩ ግን አላለቀም።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ለእትዬ ነገርኳት። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ፎጣ እያጠፍን። እልል ልትል አፏን ከፍታ በእጇ ዘጋችው፤ ሰው እንዳይሰማ። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። ደስ ሲላትም ሲከፋትም ትግርኛው ይቀድማታል፤ "ጓለይ፣ ጓለይ፣ ልጄ" አለችኝ። እሷ አልወለደችም። "አክስት እንዳትዪኝ። አያት ነኝ" አለች።

ስለ መስኮቱ አነሳሁ። "ምርቃቱ ይለፍ። ብረት አሠርቼ አስከፍተዋለሁ። አሁን ቆርቆሮ ነቅዬ ሌባ ልጥራ? አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ ኬራቲን አትነኪም። ማጠብና ካስክ ብቻ" አለች። ወዲያው ማስክም ገዛችልኝ።

ከዚህ በላይ ምን ታድርግልኝ?

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ኬራቲኑን በሙሉ ምኞት ትሠራለች። የኔም ድርሻ እሷ ላይ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ እኔ ከማጠቢያው ጋ ሆኜ ጭሱ ከራሷ በላይ ሲከማች አየዋለሁ። ዛሬ ነስር ነሰራት። የደንበኛዋ ነጭ ፎጣ ላይ ጠብ አለ።

"አይዞሽ፣ ቀለም በነፃ ነው" አለቻት ደንበኛዋን። ደንበኛዋም ሳቀች።

መጸዳጃ ቤት ሄጄ ጭንቅላቷን ያዝኩላት። "ደህና ነሽ?" ስላት "ለኔ አታስቢ፣ አንቺ ለሁለት ተንፍሺ" አለችኝ። እትዬ ነግራታለች ማለት ነው። ወይም ራሷ አውቃለች። ማስኬን አውልቄ ልሰጣት አሰብኩ። አልሰጠኋትም።

እትዬም ታስላለች። ጠዋት ጠዋት ቧንቧ ከፍታ ነው የምትስለው፤ እንዳይሰማ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

መብራት ጠፍቶ ሥራ ቆመ። ካስክ ውስጥ የነበሩት ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ ጭስ የለም። እንዲያው ደስ የሚል ቀን ነበር። ወንበር ላይ ደገፍ ብዬ ሳለሁ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንሸራተተ። በጣም ቀስ ብሎ። ገና ነው ይላሉ። አይደለም፣ እሷ ነች፤ ወይም እሱ። እጄን አስቀምጬ ሌላ ጠበቅኩ። መብራቱ መጣና ሁሉም ተነሳ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ነገ ምርቃት። ሰው በር ላይ ቆሟል። ምኞት ብቻዋን አልቻለችም። ለዛሬ ብቻ ብዬ እኔም ፔስትራ ያዝኩ። ማንም አላስገደደኝም። እትዬ "ተዪ" ብላለች፤ አንዴ። ማስክ አድርጌያለሁ። ወገቤን ቆረጠኝ። ለሚናስ አልነግረውም።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ደም። ሆስፒታል እየሄድን ነው።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

የለችም። ሴት ነበረች አለችኝ ነርሷ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ገብርኤል ነው። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲያልፍ በመስኮት አየሁ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ዛሬ ለመጻፍ ጉልበት አገኘሁ።

ዶክተሩ ደግ ሰው ነው። "ምክንያቱን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ብዙ ጊዜ ምክንያት አይገኝለትም" አለ። ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ለሚቀጥለው ጊዜ እናስብበታለን" አለ። አይታወቅም አለ እንግዲህ። ካልታወቀ ደግሞ ከፀጉር ቤቱ አይደለም ማለት ነው።

ለእንዲህ ያለ ሐዘን ድንኳን አይተከልም። ዕድር አይጠራም። ሰው ሲመጣ እንኳ "እንኳን አንቺ ተረፍሽ" ብሎ ነው የሚገባው፤ የሞተ ሰው ስለሌለ ነፍስ ይማር አይባልም። ወይዘሮ አባይነሽ፣ የግቢያችን ትልቅ ሰው፣ ገንፎ ይዘው መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ሲወጡ በር ላይ ለአንዷ ጎረቤት "ልጅ ከመሆኑ በፊት መሆኑ ደግ ነው" ሲሉ ሰማሁ። ክፋት የለባቸውም። እኔ ግን ያቺ ማክሰኞ፣ መብራት የጠፋ ቀን፣ ልጅ ነበረች።

እትዬ ትብለጽ ትላንት መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራለች። እሷ ብቻ ናት ያሰረችው። ጥግ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ሚናስ ሰላም አላላትም፤ ሻይ ላፍላ ብሎ ወጣና አልተመለሰም። ያን ጊዜ ጠጋ ብላ፣ በሹክሹክታ፦

"ከኔ ቤት ነው ወይ ልጄ? እውነቱን ንገሪኝ።"

"አይደለም እትዬ። ዶክተሩ አይደለም ብሏል።"

እጄን አገላብጣ ሳመችው። አልተናደድኩባትም። ምንም አልተናደድኩም።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ሚናስ ወጥ ይሠራል፣ ልብስ ያጥባል፣ አያወራም። ዛሬ የተኛሁ መስሎት ጓዳ ሆኖ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። "እኔ ነኝ እማዬ። አትሄጂም ብዬ በር ላይ መቆም ነበረብኝ። ቆጣ ብል ኖሮ…"

ተነስቼ ልሄድ ይገባኝ ነበር። ፔስትራ ይዤ እንደነበር እሱ አያውቅም። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩት።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ምኞት ልትጠይቀኝ መጣች። ከአትክልት ተራ ብርቱካን ገዝታ ዳገቱን በእግሯ ወጥታለች፤ በር ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ደረቷ ያፏጫል። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ፉጨት እየተማርኩ ነው" አለች። ሳትስቅ።

ሲቆይ ተናገረች። ተጋድማ ከተኛች ሳምንታት አልፈዋል፤ የምትተኛው ትራስ ደርድራ፣ ቁጭ እንዳለች ነው። ባለፈው ቅዳሜ ፀጉር እየተኮሰች ትንፋሽ አጥሯት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ደንበኞቹ ውኃ ሰጧት። መስኮቱ እንዲከፈት ጠይቃ ነበር፤ እትዬ "መስከረም ይጥባ" አለቻት።

"ለምን አትተዪውም?" አልኳት።

"አንቺ ለምን አልተውሽውም?"

ክፉ ልትናገረኝ ብላ አይደለም። መልሱን ፈልጋ ነው። ሁለታችንም ብርቱካን መላጥ ጀመርን።

"እትዬን 'ከአንቺ ቤት አይደለም' ብለሻታል አይደል?" አለችኝ ቆይታ። "ለሁሉም እየተናገረች ነው። 'ዳናይት ራሷ አይደለም ብላኛለች፣ ዶክተሩም ብሏል' ትላለች። ስለዚህ መስኮቱ አያስቸኩልም።"

ከሄደች በኋላ ልጣጩን ሰብስቤ ጣልኩት።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ሄድኩ። ፍልሰታ ስለሆነ ፀጉር ቤቱ ጭር ብሏል። እትዬ ብቻዋን ፎጣ ታጥፋለች። ስታየኝ ብድግ አለች።

"ማን ውጪ አለሽ! ገና አራስ ነሽ እኮ" አለች። አራስ አለችኝ። ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ልመለስ ምንም አልቀረኝም።

"ልሠራ አልመጣሁም እትዬ። ያን ቀን አይደለም ያልኩሽ፣ እንቅልፍ ይውሰድሽ ብዬ ነው።"

ፎጣው እጇ ላይ ቀረ። "እና አሁን ነው ልትዪኝ ነው?"

"አላውቅም። ዶክተሩም አያውቅም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆን ይችላል። የምኞት ደረት ግን ይታወቃል። ያንቺም ሳል ይታወቃል።"

"ልጄን በላሽ በይኝ እንግዲህ። በይው!"

"እንደዚያ አላልኩም።"

"ይሄ እጅ አይደለም ያጎረሰሽ?" እጇን ዘረጋችልኝ። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤ ጥፍሮቿ ቢጫ ሆነዋል። እሷም ያን ጊዜ ያየችው ይመስለኛል፤ ወዲያው በፎጣው ሸፈነችው።

"ለእሱ እጅ ብዬ ነው የመጣሁት። መስኮቱን አስከፍቺው። ኬራቲኑን ተዪው።"

"እኔ ብተወው ማዶ ሄደው ያሠሩታል። ሁሉም ይሠራል!"

"ማዶ ላሉትም እንነግራለን።"

ሳትጮህ "ውጪልኝ" አለችኝ። "አሁን ውጪልኝ ዳናይት።"

ጓለይ አላለችኝም። በዝናብ ወደ ቤት መጣሁ። ማታ ለሚናስ ሁሉንም ነገርኩት፤ ያን ቅዳሜ ፔስትራ መያዜንም ጭምር። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ራሱን ጭኔ ላይ አስቀምጦ አለቀሰ፤ ከዚያን ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

አልደወለችም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አልደወለችም። እናቴን ሁለተኛ የቀበርኩ ይመስለኛል።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ሲስተር ሕብረት ከአምልኮ ስትመለስ ቤቷ ጠራችን። በመንገዳችን ላይ ባሉት ፀጉር ቤቶች ለሚሠሩት ሁሉ ምኞትና እኔ ነግረን ነበር። ብዙ ሰው ይመጣል ብለን ነበር፤ ጥቂት ሴቶች ብቻ መጡ፣ እነሱም ጫማቸውን ሳያወልቁ በር በር እያዩ። የአንደኛው ቤት ባለቤት "ፀጉር ያለ ጭስ የት ይገኛል?" ብሎ እንደሳቀባት አንዷ ነገረችን።

ሕብረት አላስፈራራችንም። ምን እንደሚያስል፣ ምን ዓይን እንደሚያቃጥል፣ ያረገዘች ለምን መራቅ እንዳለባት በቀላል አማርኛ ነገረችን። ከዚያ "ምን የሚያማችሁ አለ?" ብላ ጠየቀች። አንዷ ስለ ዓይኗ፣ አንዷ ሽታ ካጣ ስለቆየው አፍንጫዋ፣ አንዷ ስለ ቆዳዋ። አንዲት ከኔ የምትበልጥ ሴት፣ ከዚያ በፊት ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠን የማናውቅ፣ ወለሉን እያየች "እኔም ሁለቴ ወርዶብኛል" አለች። ለማንም ተናግራ አታውቅም። ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ያለብን ሁሉ እዚያ ሶፋ ላይ አለቀስን፤ ምኞት ቀልድ ጀምራ ሳል አቋረጣት።

አየር በሌለበት ቤት ማናችንም ኬራቲን ላንሠራ ተነጋገርን። አንድ ላይ እንቢ ካልን አንድም ሰው አይባረርም።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ምኞትን ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። አስም ነው። የሚነፋ መድኃኒት ተሰጣት፤ ምናልባት ከዚህ በኋላ አብሯት ይኖራል። "ሰው ባል ያገኛል፣ እኔ ይቺን አገኘሁ" ብላ መንፊያዋን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች።

ሌላም ነገረችኝ። ትላንት ጠዋት ስትገባ እትዬ ትብለጽ ወንበር ላይ ቆማ ቆርቆሮውን በመዶሻ ስትነቅል አገኘቻት። ብቻዋን። ሚስማሩ ዝጎ እንቢ ብሏታል፣ መዳፏ ደምቷል። ምኞት ልታግዛት ስትል "ተዪኝ" አለቻት። ከሰዓት ብረት በያጅ መጥቶ ፍርግርግ ገጠመ። የኬራቲኑን ጠርሙሶች ደግሞ በካርቶን አድርጋ ለአምጪው መለሰች። ስለኔ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ያን እሑድ እንቢ ካሉት አንዷ ዛሬ ኬራቲን ስትሠራ ታይታለች። አልፈረድኩባትም። አውቀዋለሁ።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ምኞት ደወለች። "ዛሬውኑ ነይ። እኔ አይደለሁም የምልሽ፣ እሷ ናት፤ ግን 'እኔ ነኝ ያልኩት እንዳትዪ' ብላኛለች።"

ሩፋኤል ነው። ልጆች ዝናቡ ላይ እየዘለሉ መንገዱን ሞልተውታል። ፀጉር ቤቱ ለዘመን መለወጫ በሚዘጋጁ ሴቶች ተጨናንቋል። በሩን ስከፍት ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቴን መታኝ። እትዬ ትብለጽ በእጇ የነበረችውን ደንበኛ ለምኞት ሰጠቻትና ባዶ ወንበር ሳበች።

"ተቀመጪ።"

ከስታለች። ሰላምታም አልሰጠችኝ፣ ይቅርታም አላለች፤ እኔም አላልኩ። ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ራሴን በለብ ያለ ውኃ አጠበችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ሰው እንደሌለባት። ከዚያ ማበጠር ጀመረች። ፀጉሬ ከዚያ ጊዜ ወዲህ እየረገፈ ነው፤ ያጋጥማል ብለውኛል። አንዴ ስታበጥረው እፍኝ ሙሉ መጣ። በመስታወቱ እያየኋት ነበር። እያየሁ እንደሆነ ሰረቅ አድርጋ ተመለከተች፤ ከዚያ ፀጉሩን ጠቅልላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ደግሞ አበጠረች፣ ደግሞ ከተተች። ዓይኔን ጨፈንኩላት።

ፎኑ እየጮኸ ሳለ ጆሮዬ ጋ ጎንበስ አለች።

"ስም አውጥተሽላት ነበር?"

ዶክተሩ አልጠየቀኝም፤ ጎረቤቶቼም አልጠየቁኝም። እኔና ሚናስ እንኳ አንድም ቀን አላነሳነውም።

"አዎ" አልኳት።

ፎኑን አጠፋችው። "ንገሪኝ።"

ነገርኳት። አንዴ ደገመችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅ ከደጅ ገብታ እንደሆነ ለማወቅ ሰው እንደሚጣራው። ከዚያ ፎኑን መልሳ አበራችው።

ማታ ለሚናስም ስሙን ነገርኩት። ለካ እሱም ለብቻው ያወጣላት ስም ነበረው። ሌላ ስም። የቱ ይሁን ብለን አልተከራከርንም፤ በሁለቱም ጠራናት።